የበደሳው ሰውዬ

እናቴ ባል ልታገባ መሆኑን የደረስኩበት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ነው የደረስኩበት። በዚያን ጊዜ ደግሞ በራሴ የደረስኩበትን ነገር፣ ጭሮ ከተማ ተሰብስቦ ቢለምነኝ አለቅም ነበር። ይሄ አመሌ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ለቆኛል አልልም።

ሰውየው ዋለልኝ ይባላል፤ የሚኖረው በደሳ ነው። ቀጭን፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሚሰካ፣ ሲስቅ በጎን በኩል የጎደለች ጥርሱ የምታስታውቅበት ሰው ነው። እናቴ ኩብራ ደግሞ ብድግ ስትል ሾፌሩ ሁሉ አንገቱን የሚያዞርላት ሴት ነበረች። ምኑን ወደደችው እያልኩ ብቻዬን እናደድ ነበር።

እናቴ ጫት ነጋዴ ናት። የድሬዳዋና የጅቡቲ መኪኖች ቆም ብለው በሚያልፉበት አስፋልት ዳር እርጥብ ጆንያ ዘርግታ ትቀመጣለች። ከጎኗ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን ሰርክአዲስ ነበረች፤ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲሳሳቁ ይውላሉ። ጫቱን በየማለዳው የሚያመጣላት አጎቴ አብዱናስር ነው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። አባቴ ዓሊዩ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አራት ዓመቴ ላይ ሞተ። ሳንባው ነው ተባለ፤ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ሳንባው ነው እላለሁ።

በእኛ አገር ባል የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ያገባታል። ልጅ ባዕድ ቤት እንዳይገባ፣ ቤት እንዳይፈርስ ተብሎ ነው። አባቴ በሞተ በዓመቱ ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀመጡ፤ አብዱናስርም አዲስ ሽርጥ አገልድሞ መጣ። ነገሩ እንዳለቀ ተቆጥሮ ሳለ እናቴ እንቢ አለች። ለምን ቢሏት እንቢ። ምክንያቱን ንገሪን ቢሏት እሱንም እንቢ። የአባቴ እናት፣ አኮ የምላት አያቴ፣ ይህን ነገር አራት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖረች። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ልጄ ምን ጎደለው?» ትላለች፤ ጥያቄው ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ በዚህ ላይ የበደሳን መንገድ ጨምሩበት። እናቴ በየሁለት ወሩ በደሳ ትሄዳለች። «ለጫት ነው» ትላለች። ስትመለስ ግን አንዲት ቅጠል ይዛ አትመጣም። ጫት ከሚበቅልበት አገር ባዶ እጇን የምትመለስ ጫት ነጋዴ የት ታይታ ታውቃለች? ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ይሄ ይሄ አያመልጠኝም።

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። በደሳ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች ግማሾቹ የጭሮ ሰዎች ነበሩ። የበደሳዎቹ ደግሞ ጭሮ ወይም ሚኤሶ ይመጣሉ። የሚያውቃቸው ሰው እንዳያይ ሲሉ፣ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ከገዛ ከተማቸው ትተው መንገድ ላይ ይተላለፉ ነበር። እናቴ ያመጣችውን መድኃኒት ከዕቃው አውጥታ ጥቁር አዝሙድ በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ትጨምረዋለች፤ እንዳይንኳኳ ላዩ ላይ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች። የዒሻ አዛን፣ የማታው የሶላት ጥሪ፣ ሲሰማ ቆርቆሮውን ከፍታ የሆነ ነገር ትውጣለች። «ጥቁር አዝሙድ ነው፣ ለሆዴ» ትለኛለች። አዛኑ ሰዓቷ ነበር። አንድም ቀን አሳልፋው አታውቅም። ይህን እኔው ራሴ እመሰክራለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን የዒድ ልብሴን አልብሳ እኔንም ይዛኝ ሄደች። በሚኒባሱ መንገዱን ሁሉ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ፤ ቢያልበኝም አለቀቀችኝም። በደሳ ስንደርስ ጀርባው በባሕር ዛፍ የታጠረ ግቢ ገባን። ሰዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አያይም። ሴቶቹ ሻሻቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበውታል። በኋላ ዋለልኝ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ብቅ ብሎ በእጁ ጠራን።

«ፈርዶሳ ማለት አንቺ ነሽ? እናትሽ ስለ አንቺ አውርታ አትጠግብም» አለኝ። ስሜን ማወቁ አናደደኝ።

ጣቴን ጠረገና በሆነች ነገር ወጋኝ። ደሜን ጨመቅ አድርጎ ቁራጭ ነገር ላይ አንጠባጠበ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ወባ እንዳለብሽ ለማየት ነው» አለኝ። ከዚያ ብስኩት ሰጠኝ። እናቴ ግድግዳው ላይ ደገፍ ብላ ያቺን ቁራጭ ነገር ታያለች። ዋለልኝ ቁራጯን በእጁ ሸፈናት።

«አሁን እሷን ተያት። እንቅልፍስ፣ ኩብራ? ይወስድሻል?» አላት።

«ለሱብሒ ሶላት እነሳለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ከተኛሽ ጀምሮ እስክትነሺ ምን ታስቢያለሽ ነው ያልኩሽ።»

እናቴ እኔን አየችኝ፤ መልሳ እሱን አየችው። «አንተ ታውቀዋለህ» አለችው።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምለፈልፈው። እኔ የምሰጥሽ ብቻውን አያቆምሽም። ሐሳብ ከበላሽ ሰውነትሽ ምን ይዞ ይቋቋም?»

ልብ በሉ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባዕድ ወንድ እናቴን ስለ እንቅልፏ ይጠይቃል። ተኝታ የምታስበውን እሱ ያውቀዋል። የሚሰጣት ነገርም አለ። ብስኩቱ አፌ ውስጥ አመድ አመድ አለኝ። ወዲያው ውጪ ሄጄ እንድጫወት ላኩኝ።

አልተጫወትኩም። መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ቆሜ አየሁ። ዋለልኝ የሆነ ነገር ነገራት። እናቴ መጀመሪያ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። እጁን ሳበችና ሳመችው፤ አገላብጣ መዳፉንም ሳመችው። ቀጥላም እዚያው ሲሚንቶው ላይ ግንባሯን ደፍታ ሱጁድ ወረደች። ዋለልኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መነጽሩን ይጠርጋል። እንግዲህ ይሄ ጋብቻ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጠየቃት፣ እሺ አለች፣ አላህን አመሰገነች። በቃ፣ ለእኔ ነገሩ ያን ጊዜ አለቀ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጥላ ተኛች። አፏ ተከፍቶ፣ ሻሿ ተንሸራቶ፣ ልክ እንደ ሕፃን። እናቴ ስትተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ዓይኔን ስገልጥ ሁልጊዜ ነቅታ ነው የማገኛት። ቀጥሎ በነበረው ሳምንትም እንዲሁ ተኛች፣ በላች፣ ከሰርክአዲስ ጋር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን ባየኋት ቁጥር አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ክፍላችን ውስጥ ጅብሪል የሚባል ልጅ ነበር፤ እናቱ አግብታ ድሬዳዋ ስትሄድ አክስቱ ጋ ጥላው ሄዳለች። ጅብሪል ምሳ ይዞ አይመጣም ነበር። እናት ስታገባ ልጅ ምን እንደሚሆን ከጅብሪል በላይ ማን ሊያስተምረኝ።

ስለዚህ ለአኮ ነገርኳት። ሠርጉን እንድታስቀርልኝ ብዬ ነው፤ ሌላ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ጉልበቷ መሀል አስቀምጣኝ ጸጉሬን እየሠራችኝ ነበር።

«አኮ፣ እማ ልታገባ ነው።»

እጇ ጸጉሬ ውስጥ ቆመ። «ማንን?»

«የበደሳውን ሰውዬ።»

«ስሙ ማነው፣ ኢንተሎ?» ደስ ስትሰኝም ስትቆጣም ኢንተሎ ነው የምትለኝ፣ ልጅት እንደማለት።

«ዋለልኝ። እጁን ሳመችው። መዳፉንም ጭምር።»

አኮ ከዚያ በኋላ ሹሩባውን ዓይኔ ወደ ላይ እስኪሳብ ድረስ አጥብቃ ጨረሰችው።

በማግስቱ ከዐሱር ሶላት በኋላ አኮና አብዱናስር መጡ። እናቴ ምንጣፍ ዘረጋች። አኮ ተቀመጠች፤ አብዱናስር አልተቀመጠም።

«በደሳ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?» አላት።

«ጉዳይ አለኝ።»

«ምን ጉዳይ?»

እናቴ የምንጣፉን ጫፍ ታስተካክል ጀመር።

«ያ እጁን የምትስሚው ሰውዬስ ማነው?»

እናቴ ክው አለች። ደም ከፊቷ ሲሸሽ አየሁ። ዓይኗ ቤቱን ዞረ፤ እኔ ላይ ሳያርፍ አለፈና ከሰርክአዲስ ጋር የምንጋራው ግድግዳ ላይ ቆመ። ሰርክአዲስ በደሳ ዘመድ ነበራት። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ወላሂ፣ የምታስቡት አይደለም» አለች እናቴ።

«ታዲያ ንገሪና እንመንሽ» አለች አኮ። «አራት ዓመት ልጄን እንቢ ስትይ ሐዘኗ ነው ብዬ ነበር። ለካ ሌላ ሰው ኖሯል።»

አሁን ሳስበው ያን ሰዓት እናቴ መሆን አልፈልግም። ሰውየው የጤና ባለሙያ ነው ብትል፣ ምን በሽታ ነው ጭሮ መድኃኒት የሌለው ይሏታል። በሽታውን ብትናገር የሞተው ባሏ ስም አብሮ ይወጣል፤ ነገ ከእሷ ጫት የሚገዛ የለም፣ እኔን አጠገቡ የሚያስቀምጥ ተማሪ የለም። ዝም ብትል ባለጌ ሴት ናት። ዝምታውን መረጠች። አብዱናስርም «አረፋ ሲያልፍ ልጅቷን እንወስዳለን። ወንድሜ ቤት አለው፣ ዘመድ አለው» ብሎ ወጣ። አረፋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳለፈች እኔ ነኝ ያየሁት። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ እሷ አንድ ጉርሻ ይዛ ስታንከባልል ትቆይና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ስትራመድ ትቆማለች፤ ለምን እንደቆመች ይጠፋታል። ጫቱን ስታስር ትፈታዋለች፣ ፈታ ታስረዋለች። አብዱናስር ማለዳ ሰላም ሳይላት ጫቱን ጆንያው ላይ ወርውሮ ይሄዳል። ሰርክአዲስ «ምን ሆነሻል፣ ኩቢ?» ስትላት ፊቷን ታዞርባታለች። ዓይኔን ስገልጥ እንደ ድሮው ነቅታ ነው የማገኛት፤ አሁን ግን ቁጭ ብላ እኔን ታያለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ደግሞ ሰውየው ናፍቋት ነው አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሰይ እንኳን ናፈቀሽ ብዬ ነበር።

የዒሻ አዛን ሲል ግን ቆርቆሮዋን ትከፍታለች። በዚያ ሁሉ መሀል አንድ ቀን አልሳተችም።

በሦስተኛው ሳምንት በግራ ጎኗ በኩል ቁስል ወጣባት። ከጀርባዋ ተነሥቶ ጡቷ ሥር ድረስ በመስመር የሄደ፣ ውሃ የቋጠረ ቀይ ነገር። ልብሷን ስትቀይር አይቼ ጮህኩ።

«ዘይት ፈንጥቆብኝ ነው» አለችኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ዝርክርክ ይሉኛል።»

አመንኳት። ቃጠሎ መሰለኝና ኮልጌት ቀባኋት። የቀሚሷ ጨርቅ ሲነካት እንኳ ሻሿን ትነክሳለች። በኋላ ሳድግ ዋለልኝ ራሱ አስረድቶኛል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ይዞት ነበር፣ ሥራውን እየሠራ ነበር አለኝ። ግን ሳምንታት ሙሉ ያልተኛ፣ ያልበላ፣ በፍርሃት የተወጠረ ሰውነት ዘበኛው ይደክማል፤ የዚያን ጊዜ በልጅነቷ አሟት ጀርባ አጥንቷ ሥር ተኝቶ የነበረው የጉድፍ በሽታ ተነሣ። አገሬው አልማዝ ባለጭራ ይለዋል። ትልልቅ ሰዎች ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ወጣት ሴት ላይ ሲያዩ ወዲያው ኤችአይቪን እንደሚያስቡ የጭሮ ሰው ሁሉ ያውቃል።

አረፋ አለፈ። አኮና አብዱናስር መጡ። ልብሴ በፌስታል ተቋጥሮ በር ሥር ተቀምጧል። እናቴ ራሷ ነች የቋጠረችው፤ ከዚያ ግን ፍራሹ ላይ በቀኝ ጎኗ ተኝታ መነሣት አቃታት።

«ተነሺና ልጅሽን ተሰናበቺ» አለች አኮ።

«አትችልም አኮ፣ ዘይት አቃጥሏታል!» አልኩ። አትንገሪ መባሌን ረስቼ።

አኮ ጠጋ አለች። «የት?» ብላ ቀሚሷን በጎን በኩል ገለጥ አደረገች። እናቴ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ አቅም አልነበራትም። አኮ ጨርቁን እንደያዘች ቀረች። በኋላ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«የዓሊዩ በቀኝ በኩል ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ» አለች እናቴ።

«ያ የበደሳው ሰውዬ…»

«መድኃኒት የሚሰጠኝ ነው።»

አኮ ቀሚሱን መልሳ ሸፈነችላት። «አብዱናስርን እንቢ ያልሽው…» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት።

«አዎ፣ አኮ» አለች እናቴ።

አኮ ወደ በሩ ዞረች። አብዱናስር በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ጤናማ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጥርሱን በመፋቂያ የሚፍቅ ሰው። ረጅም ጊዜ አየችው። ልትቆጣው መስሎኝ ነበር። ዛሬ እንደሚገባኝ ግን አኮ የተረፈላትን አንዱን ልጇን እያየች ነበር፤ ማን እንዳተረፈላትም ገና ማወቋ ነበር።

ከዚያ ወጣች። «ልጅቷ አትሄድም» ስትለው ሰማሁ።

«ሰውየውስ?»

«ሰውዬ የለም። ውሸት ነው። ሁለተኛ ይህን ነገር ከአፍህ እንዳልሰማ።»

እኔ ያዳነኝ ዘይቱ መሰለኝ። እናቴ ስለተቃጠለች አዘኑላትና ተውኝ ብዬ ያንን ዘይት በልቤ አመሰገንኩት።

አኮ እስከ ማታ አልሄደችም። ይቅርታም አልጠየቀች፤ በሕይወቷ ማንንም ይቅርታ ስትል አልሰማኋትም። የዒሻ አዛን ሲጀምር እናቴ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው ላከች። አኮ ተነሥታ ቆርቆሮውን አወረደችላት፣ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት፣ እስክትውጥ ድረስም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆየች። የበሽታውን ነገር ለማንም ሳትናገር ከአራት ዓመት በፊት ሞተች። ማን እንደነገራትም አልተናገረችም።

እሱን የምናውቀው አኮና እኔ ነበርን። እናቴ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሕመሟን ቁጭ አድርጋ ስትነግረኝ እንኳ እኔ የራሴን አልነገርኳትም። እናቴ ከሰርክአዲስ ጋር ከዚያ ጊዜ ጀምራ ተኳርፋ ነበር። ሰርክአዲስ ሰላም ባለቻት ቁጥር እንዳልሰማች ታልፋት ነበር። መጨረሻ ላይ ሰርክአዲስ ዕቃዋን ጠቅልላ አሰቦት ገባች፤ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ። እናቴን ከጎረቤቷ ጋር በከንቱ ያኳረፈውን ነገር አፌ ውስጥ ይዤ አሥራ አምስት ዓመት ዋልኩ፣ አደርኩ። ሚኤሶ አስተማሪ ሆኜ ሄድኩ፤ እንቅልፍ ማጣትን እዚያ እኔም ተማርኩት።

ያለፈው አረፋ ቤት መጣሁ። እናቴ ዛሬም አስፋልቱ ዳር አለች፤ ወፍራለች፣ አዛኑም ቆርቆሮውም አልተለወጡም። ቁስሉ ከዳነ ስንት ዘመኑ፣ ግን ብርድ ሲሆን ያ ጎኗ ዛሬም ያቃጥላታል፤ ጥቁር ጠባሳው እንደ ግማሽ ቀበቶ ጎኗን ከብቦታል። ቅባት እየቀባኋት ነበር። ፊቷን ስላላየሁት ይሆናል ድፍረቱ የመጣልኝ።

«እማ፣ ለአኮ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሰርክአዲስ አይደለችም።»

ጀርባዋ ከእጄ ሥር ተወጠረ። «ሰርክአዲስን በከንቱ…» አለች። ያን ያህል አዝና ያየኋት ለአባቴ እንኳ አይመስለኝም። በኋላ «ምን አየሁ ብለሽ ነው የነገርሻት?» አለችኝ።

«እጁን ስትስሚው። ሱጁድ ስትወርጂ። ልታገቢው መስሎኝ።»

ቀሚሷን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ዞራ አየችኝ።

«ያን ቀን ለምን ይዤሽ እንደሄድኩ አልነገርኩሽም አይደል? አባትሽ ከሞተ ጀምሮ አምስት ዓመት ሙሉ አንቺን ለማስመርመር ፈርቼ ኖርኩ። ከእኔ ተላልፎብሽ ከሆነ መስማቱን አልችልም ብዬ። ዋለልኝ ሁለት ዓመት ለመነኝ። ይሄ ነው የማያስተኛሽ፣ ይሄ ነው የሚበላሽ፣ አምጫት አለኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ስለ እኔ ምንም አልነገረኝም ያን ቀን። ነጻ ናት አለኝ። ልጅሽ ነጻ ናት። የሳምኩት አንቺን የወጋበትን እጅ ነው።»

ወባ ነው ብሎኝ ነበር። ጣቴን ወደ ብርሃኑ አዙሬ አየሁት። ምንም ምልክት የለበትም።